ፒኤን 10 ቱቦ ለ7.7 ባር መስመር ይበቃል? ስለ ስኬጁልና ክላስም ጥያቄ አለኝ

መስመር_ዘርጊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የውሃ ማስተላለፊያ መስመር እየነደፍኩ ነው። ቱቦው ፒኢ 100 (የፖሊኢቲሊን ፕላስቲክ ዓይነት)፣ ውጫዊ ዲያሜትሩ 225 ሚ.ሜ.፣ ርዝመቱ 2,400 ሜትር፣ ፍሰቱ በሰከንድ 30 ሊትር ነው። ከፓምፑ እስከ ማጠራቀሚያው ጋን ያለው የከፍታ ልዩነት 68 ሜትር ሲሆን፣ በኤስዲአር 17 (ውጫዊው ዲያሜትር ለግድግዳው ውፍረት ሲካፈል 17) ሳሰላው የሰበቃ ብክነቱ 10 ሜትር አካባቢ ይመጣል። ድምሩ 78 ሜትር፣ ማለትም 7.7 ባር ገደማ ነው። ኤስዲአር 17 ደግሞ ፒኤን 10 ስለሆነ 2.3 ባር ትርፍ አለ ብዬ ወስጃለሁ።

1. ይህ ይበቃል?
2. ፓምፕ ቤቱ ውስጥ ያለው አጭር የብረት መስመር 8 ኢንች ስኬጁል 40 ነው። ስኬጁል 40 ስንት ባር ይችላል?
3. ከቀረቡልኝ ቫልቮች አንዱ ክላስ 150 ይላል። 150 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ወደ 10 ባር ነውና ከፒኤን 10 ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል?

ባር_በባር፦

ከመጀመሪያው ልጀምር። 7.7 ባር የሥራ ግፊት ነው፤ ፓምፑ በተመደበለት ፍሰት ሲሠራ የሚታየው ማለት ነው። ቱቦ የሚመረጠው ግን በዚህ ቁጥር አይደለም። የሚመረጠው መስመሩ በእድሜው ሊያየው በሚችለው ከፍተኛ ግፊት ነው። ያን ለማወቅ ደግሞ የጎደሉ መረጃዎች አሉ።

ፒኤን 10 ማለት የፒኢ ቱቦ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ ይዞ ለ50 ዓመት ያለማቋረጥ 10 ባር ይሸከማል ማለት ነው። ቁጥሩ የሚመጣው እንዲህ ነው፦ የፒኢ 100 የረጅም ጊዜ ጥንካሬ 10 ሜጋፓስካል ነው። ለውሃ በ1.25 ይካፈላል፤ 8 ሜጋፓስካል ይቀራል። ከዚያ 20 × 8 ÷ (ኤስዲአር − 1)። ለኤስዲአር 17፣ 160 ÷ 16 = 10 ባር። ለኤስዲአር 11፣ 160 ÷ 10 = 16 ባር። ለኤስዲአር 13.6፣ 12.7 ይመጣል፤ ፒኤን 12.5 ተብሎ ይጠራል። ከሁኔታዎቹ አንዱ ሲለወጥ፣ በተለይ ሙቀቱ፣ ቱቦው ላይ የታተመው ቁጥር ባለበት አይቆይም።

ስለዚህ እነዚህን ቢጽፉልን፦ የፓምፑ ግፊት በዜሮ ፍሰት ስንት ሜትር ነው? መምጠጫው በኩል ያለው የውሃ ከፍታስ? ቱቦው ይቀበራል ወይስ ላይ ይዘረጋል? የመሬቱ ቅርጽ እንዴት ነው?

መስመር_ዘርጊ፦

አመሰግናለሁ። የፓምፑ ግራፍ በዜሮ ፍሰት 96 ሜትር ያሳያል። የመምጠጫ ጋኑ የውሃ ወለል ከፓምፑ በ3 ሜትር ከፍ ይላል። የመጀመሪያው 400 ሜትር ድንጋያማ ስለሆነ ቱቦው መሬት ላይ ይዘረጋል፤ የግድግዳው ሙቀት 35 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ቀሪው ተቀብሮ ቢበዛ 25 ዲግሪ ነው። መሬቱ ያለማቋረጥ ይወጣል፤ 900 ሜትር ላይ ሲደርስ 25 ሜትር ወጥቷል። የመጨረሻው 500 ሜትር ሜዳ ነው ለማለት ይቻላል። ፓምፑ መውጫ ላይ ቼክ ቫልቭ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ) አለ።

ባር_በባር፦

አሁን ሊሰላ ይችላል።

በዜሮ ፍሰት 96 + 3 = 99 ሜትር፣ 9.7 ባር ነው። አንድ ሰው ከላይ ያለውን ቫልቭ ዘግቶ ፓምፑን ካስነሣ መስመሩ በሙሉ የሚያየው ይህን ነው (ከፍታው ተቀንሶ)። «እንዲህ አይደረግም» የሚለው መልስ አይሠራም፤ ከተቻለ ይደረጋል፤ ዲዛይኑ ሊሸከመው ይገባል።

ወደ ሙቀቱ ስንመጣ፣ ለፒኢ 100 የሚሠራበት ማባዣ በ20 ዲግሪ 1.00፣ በ30 ዲግሪ 0.87፣ በ40 ዲግሪ 0.74 ነው። በመካከል በቀጥታ መስመር ማስላት ይቻላል፤ በ35 ዲግሪ 0.80፣ በ25 ዲግሪ 0.93 ገደማ።

ስለዚህ ላይ በተዘረጋው 400 ሜትር የእርስዎ «ፒኤን 10» 8.0 ባር ሆኗል። 9.7 ባር ሲመጣበት አይበቃም። ይህ ገና ዋተር ሃመር (ፍሰት በድንገት ሲቆም የሚፈጠረው የግፊት ምት፣ ሰርጅም ይባላል) ሳይቆጠር ነው። 2.3 ባር ትርፍ ያሉት በሥራ ግፊት እንኳ ሲታይ 0.3 ባር ብቻ ነው።

ዋተር ሃመሩን በጁኮቭስኪ ቀመር እንመልከት፦ የግፊት ጭማሪ = የውሃ እፍግታ × የሞገድ ፍጥነት × የፍሰት ፍጥነት ለውጥ። የሞገዱ ፍጥነት በቱቦው ልስላሴ ይወሰናል። የፒኢን የአጭር ጊዜ የመለጠጥ ሞጁለስ 1,000 ሜጋፓስካል ብንወስድ፦

ኤስዲአር 17፦ ሞገዱ በሰከንድ 256 ሜትር፣ ፍሰቱ 0.97 ሜትር፣ ጭማሪው 2.5 ባር።
ኤስዲአር 13.6፦ ሞገዱ 288፣ ፍሰቱ 1.04፣ ጭማሪው 3.0 ባር።
ኤስዲአር 11፦ ሞገዱ 325፣ ፍሰቱ 1.13፣ ጭማሪው 3.7 ባር።

ቱቦው ሲወፍር ጭማሪው እንደሚያድግ ልብ ይበሉ። የውስጥ ዲያሜትሩ ስለሚጠብና ግድግዳው ስለሚጠነክር ነው። «ወፍራም ቱቦ ከገባ ሰርጁ ይቀንሳል» የሚሉ አሉ፤ የተገላቢጦሽ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ሙሉ በሙሉ የሚታዩት ፍሰቱ ከ2 × ርዝመት ÷ የሞገድ ፍጥነት ባጠረ ጊዜ ሲቆም ነው። ለኤስዲአር 11፣ 4,800 ÷ 325 = 15 ሰከንድ አካባቢ። ቢራቢሮ ቫልቭ በእጅ ማንሻ በ2 ሰከንድ ይዘጋል። በጥርስ ማርሽ የሚዞር ከሆነ ግን በቀላሉ ከ15 ሰከንድ ያልፋል፤ ስለዚህ ለዲኤን 200 (ስመ ዲያሜትሩ 200 ሚ.ሜ. ለሆነ) የእጅ ማንሻ ያለው ቢራቢሮ ቫልቭ አይግዙ።

የምመክረው መስመሩን ከሁለት መክፈል ነው፦ ከፓምፑ እስከ 900 ሜትር ኤስዲአር 11፣ ከዚያ ወዲያ ኤስዲአር 17።

የታችኛው ክፍል ሲፈተሽ፣ በኤስዲአር 11 መጥበብ ምክንያት ሰበቃው በ1.6 ሜትር ስለሚጨምር የሥራ ግፊቱ 7.8 ባር ይሆናል። 7.8 + 3.7 = 11.5 ባር። አቅሙ 16 × 0.80 = 12.8 ባር። ያልፋል።

የላይኛው ክፍል መነሻ፣ 25 ሜትር ከፍታ ላይ፦ በዜሮ ፍሰት 9.7 − 2.5 = 7.2 ባር። በሥራ ላይ 5 ባር ገደማ፣ ከታች የሚመጣው 3.7 ባር ቢደመርበትም 8.7። አቅሙ 10 × 0.93 = 9.3 ባር። ያልፋል።

አንድ የብየዳ ነገር፦ ኤስዲአር 11ን ከኤስዲአር 17 ጋር ፊት ለፊት በጋለ ሳህን አይበይዱ። ውፍረታቸው 20.5 እና 13.4 ሚ.ሜ. ነው፤ ጠርዛቸው አይገጥምም፤ ቀጭኑ ቶሎ ይቀልጣል። ለሁለቱም የተፈቀደ የኤሌክትሮ ፊውዥን መገጣጠሚያ (በውስጡ ባለ ሽቦ በኤሌክትሪክ ሞቆ የሚበየድ) ወይም ፍላንጅ (በቡሎን የሚታሰር የቱቦ ጫፍ ቀለበት) ይጠቀሙ።

ጥቁር_ብረት፦

የብረቱን ጥያቄዎች እኔ ልመልስ።

ስኬጁል የግፊት ደረጃ አይደለም፤ የውፍረት ስያሜ ነው። ኤ106 ግሬድ ቢ (የካርበን ብረት ዓይነት) ስፌት የሌለው ቱቦ፣ የሚፈቀደው ውጥረት 138 ሜጋፓስካል፣ የፋብሪካ የውፍረት ጉድለት 12.5 በመቶ ተቀንሶ፣ በአስሜ ቢ31.3 (የአሜሪካ የቱቦ ሥራ ኮድ) ሲሰላ፦ 2 ኢንች ስኬጁል 40 ወደ 164 ባር፣ 8 ኢንች ስኬጁል 40 ወደ 93 ባር፣ 12 ኢንች ስኬጁል 40 ወደ 79 ባር። ስያሜው አንድ ነው፤ አቅሙ በግማሽ ይለያያል።

የእርስዎን 8 ኢንች ብንወስድ፣ ውጫዊ ዲያሜትሩ 219.1፣ ውፍረቱ 8.18 ሚ.ሜ. ነው። ከ8.18 ላይ 12.5 በመቶ ሲቀነስ 7.16። ለዝገት 3 ሚ.ሜ. ሲቀነስ 4.16 ይቀራል። ከዚያ 2 × 138 × 4.16 ÷ (219.1 − 0.8 × 4.16) = 5.3 ሜጋፓስካል፣ 53 ባር። ይኸው ቱቦ በነዳጅ መስመር ኮድ፣ የይልድ ጥንካሬው (ብረቱ በቋሚነት መለጠጥ የሚጀምርበት ውጥረት) 241 ሜጋፓስካል ተወስዶ በ0.72 ሲባዛ፣ 130 ባር ይሰጣል። ስለዚህ «ስንት ባር ይችላል» ሲባል መልሱ «በየትኛው ኮድ፣ ከስንት ዓመት ዝገት በኋላ» ነው። ለእርስዎ መስመር ግን ይህ ሁሉ ክርክር ዋጋ የለውም፤ 53ም ይሁን 130፣ የሚወስነው ቱቦው አይሆንም። ፍላንጁ ነው።

ወደ ክላስ 150። ቁጥሩን ወደ ባር አይቀይሩት። ስያሜ ነው። የካርበን ብረት ፍላንጅ በአስሜ ቢ16.5 ሰንጠረዥ፣ ክላስ 150፦ እስከ 38 ዲግሪ 19.6 ባር፣ በ100 ዲግሪ 17.7፣ በ200 ዲግሪ 13.8፣ በ300 ዲግሪ 10.2 ባር። ክላስ 300 ደግሞ በ38 ዲግሪ 51.1 ባር ነው፤ የ150 እጥፍ አይደለም። አይዝጌ ብረት 304 ወይም 316 ከሆነ ክላስ 150 በ38 ዲግሪ 19.0 ባር ነው። ሰዎች አይዝጌ ሁልጊዜ ይበልጣል ብለው ያስባሉ፤ እዚህ ላይ ያንሳል። ክላስ 125 የሚል የብረት ድንጋይ (ካስት አይረን) ቫልቭ ካጋጠመዎት እሱ ሌላ ሰንጠረዥ ነው፤ እስከ 12 ኢንች ድረስ ለቀዝቃዛ ውሃ 200 ፒኤስአይ፣ 13.8 ባር።

አቅሙ ከበቃ በኋላ የሚቀረው ችግር መግጠሙ ነው። ለ225 ሚ.ሜ. ፒኢ ቱቦ የሚሆነው ዲኤን 200 ፍላንጅ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦

ፒኤን 10፣ ዲኤን 200፦ 8 ቀዳዳ፣ የቡሎኖቹ ክብ 295 ሚ.ሜ.።
ፒኤን 16፣ ዲኤን 200፦ 12 ቀዳዳ፣ የቡሎኖቹ ክብ 295 ሚ.ሜ.።
ክላስ 150፣ 8 ኢንች፦ 8 ቀዳዳ፣ የቡሎኖቹ ክብ 298.5 ሚ.ሜ.።

እስከ ዲኤን 150 ድረስ ፒኤን 10 እና ፒኤን 16 ቀዳዳቸው አንድ ስለሆነ ሰው ይለምዳል፤ ዲኤን 200 ላይ ይሰናከላል። ቫልቭ ሲታዘዝ «አካሉ ፒኤን 16፣ ቀዳዳው በፒኤን 16» ተብሎ ሁለቱም ይጻፍ። አካሉ ፒኤን 16 ሆኖ ቀዳዳው በፒኤን 10 የተበሳ ቫልቭ በብዛት ይሸጣል።

ከሁሉ የከፋው ፒኤን 10 ከክላስ 150 ጋር ነው። ሁለቱም 8 ቀዳዳ፣ ልዩነቱ በአንድ ወገን 1.75 ሚ.ሜ. ብቻ ስለሆነ «ትንሽ ቢሞረድ ይገባል» ይባላል። ይገባል። ቡሎኑ ግን ዘንበል ብሎ ይጠብቃል፤ ጋስኬቱ (በሁለቱ ፍላንጆች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ከማእከል ይወጣል፤ የብረት ድንጋይ ከሆነ ጆሮው ይሰነጠቃል። ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ የብረት ድንጋይ ፍላንጅ ፊቱ ከፍ ያለ የብረት ፍላንጅ ጋር ሲታሰርም ያው ነው፤ ከዳር በኩል ክፍተት ስላለ ሲጠብቅ ይታጠፍና ይሰበራል። ከፍ ያለው ፊት ተጠርቦ ሙሉ ፊት ጋስኬት ይገባበታል።

ለዚህ መስመር ሁሉንም ፒኤን 16 አድርጎ ክላስ 150ውን ቫልቭ መመለስ ነው።

ፒኢ ከብረት ጋር በሚገናኝበት ፍላንጅ ላይ ደግሞ ቡሎኖቹ በተቃራኒ ጥንድ ይጥበቁ፤ ከአንድ ሌሊት በኋላ ይደገሙ። ፒኢ በጭነት ስር ስለሚለሰልስ የመጀመሪያው ጥብቀት ይላላል። እዚያ የሚታየው ፍንጣቂ አብዛኛውን ጊዜ የግፊት ደረጃ ጉድለት አይደለም፤ ሁለተኛው ማጥበቅ መዘለሉ ነው።

ንድፍ_ቤት፦

ባር_በባር ኤስዲአር 11 ማለትዎ የበዛ ይመስለኛል። ሰርጅ የሰከንዶች ጉዳይ ነው፤ ፒኢ ለአጭር ጊዜ ጭነት ከረጅም ጊዜው የበለጠ ይሸከማል። ኤደብልዩደብልዩኤ ሲ906 (የአሜሪካ የውሃ ሥራዎች ማኅበር የፒኢ ቱቦ ደረጃ) ለተደጋጋሚ ሰርጅ እስከ 1.5 እጥፍ፣ ለድንገተኛ ሰርጅ እስከ 2 እጥፍ ይፈቅዳል። ኤስዲአር 13.6 ብናደርገው ዘላቂ አቅሙ 12.5 × 0.80 = 10.0 ባር፤ የዜሮ ፍሰቱን 9.7 ይችላል። ከሰርጅ ጋር 7.8 + 3.0 = 10.8 ባር፤ ይህ ደግሞ ከ15 ባር በታች ነው። ቱቦውም ይቀላል፣ ሰበቃውም ያንሳል።

ባር_በባር፦

ሐሳቡ መሠረት አለው፤ ፒኢ ለአጭር ጭነት እንደሚበረታ አልክድም። የማልስማማው ከሁለት ኮድ ምቹ ምቹውን በመውሰዱ ነው። ሲ906 1.5 እጥፍ የሚፈቅደው የራሱን የግፊት ደረጃ መነሻ አድርጎ ነው፤ እዚያ ኤስዲአር 11 የሆነ ፒኢ 4710 (ከፒኢ 100 ጋር የሚቀራረብ የአሜሪካ ስያሜ) ቱቦ 200 ፒኤስአይ፣ 13.8 ባር ነው። በአይኤስኦ 4427 (ዓለም አቀፉ የፒኢ የውሃ ቱቦ ደረጃ) ተመሳሳይ ውፍረት 16 ባር ይባላል። ፕላስቲኩ አልተለወጠም፤ የደህንነት ማካፈያው ነው የተለየው። መነሻውን ከአይኤስኦ ወስደው ፈቃዱን ከሲ906 ቢያመጡ ከሁለቱም ያልታሰበ መጠባበቂያ እየበሉ ነው። በሲ906 ሙሉ በሙሉ ካሰሉት ኤስዲአር 13.6 በ20 ዲግሪ 159 ፒኤስአይ፣ 11 ባር ገደማ ነው። የሙቀቱ ቅናሽ ሲገባ 9.7 ባር በዘላቂነት አይሸከምም።

ከዚያም 10.0 ከ9.7 ጋር ሲነጻጸር የቀረው 0.3 ባር ነው። ፓምፑ አንድ ቀን ትንሽ ተለቅ ባለ ኢምፔለር (ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ ክፍል) ቢቀየር አለቀ። ላይ የሚዘረጋው 400 ሜትር ተቀብሮ ቢሆን ኖሮ ግን ከእርስዎ ጋር እስማማ ነበር።

ንድፍ_ቤት፦

በመነሻ ልዩነቱ ተረትቻለሁ። 400 ሜትሩን ብቻ ኤስዲአር 11 አድርጎ ከ400 እስከ 900 ያለውን 13.6 ማድረግስ?

ባር_በባር፦

በስሌት ያልፋል፤ ኤስዲአር 13.6 በ25 ዲግሪ 11.6 ባር ነው። ነገር ግን ለ500 ሜትር ብሎ ሦስተኛ ዓይነት ቱቦ ማስገባት፣ መለዋወጫውም ሦስት ዓይነት ይሆናል፤ ጥገና ላይ ደግሞ የተሳሳተው ቱቦ የተሳሳተ ቦታ ይገባል። እኔ በሁለት ላይ እቆማለሁ።

ቫኩም_ጠባቂ፦

ሁላችሁም ወደ ላይ የሚወጣውን ግፊት ነው ያያችሁት። መብራት ሲጠፋ ግን መጀመሪያ የሚመጣው ወደ ታች የሚወርደው ነው፤ ፓምፑ ይቆማል፣ ውሃው ወደ ፊት መሄዱን ይቀጥላል፣ ከፓምፑ መውጫ የግፊት መውረድ ይነሣል። ታች 7.8 ባር ስላለ ችግር የለም። የመጨረሻው 500 ሜትር ሜዳ ላይ ግን ያለው ግፊት የጥቂት ሜትር ውሃ ብቻ ነው። 2.5 ባር፣ ማለትም 25 ሜትር፣ ሲቀነስበት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ውሃው ይበጠስና ክፍተት ይፈጠራል። የተበጠሰው ሲመለስ የሚፈጥረው ምት ከላይ ከተሰላው 3.7 ባር ሊበልጥ ይችላል። በእጅ ስሌት የሚደረስበት አይደለም፤ በትራንዚየንት ሶፍትዌር (ድንገተኛ የግፊት ለውጥን በሚያሰላ) ይታይ፤ የፓምፑና የሞተሩ ኢነርሺያም ይግባበት። መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ፓምፕ ቤት ውስጥ የሚቆም የአየር ቬሰል (ውሃና የታመቀ አየር የያዘ ጋን) ነው፤ ሜዳው የሚጀምርበት ጉብታ ላይም ኤር ቫልቭ። ኤር ቫልቩ አየር በፍጥነት የሚያስገባ፣ ግን በዝግታ የሚያስወጣ ይሁን፤ በፍጥነት ካስወጣ እሱ ራሱ ሲዘጋ ሰርጅ ይፈጥራል።

ሌላ፦ ከላይ ግፊቱ 1 ባር እንኳ ስለማይሞላ «ኤስዲአር 26 ላድርገው» የሚል ፈተና ይመጣል። አያድርጉት። ቱቦ በቫኩም እንዳይጨማደድ የሚይዘው ጥንካሬ በውፍረቱ ኪዩብ ይለወጣል፤ ከኤስዲአር 17 ወደ 26 ሲወርድ በአራት እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። ኤስዲአር 17 ለአጭር ጊዜ ሙሉ ቫኩም ይችላል፤ 26 በሞቀ ጊዜ አጠራጣሪ ነው።

መስመር_ዘርጊ፦

በጣም ጠቅሞኛል። ክላስ 150 ቫልቩ ይመለሳል፣ መስመሩም በሁለት ይከፈላል፤ የትራንዚየንት ስሌቱንም አሠራለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የፍተሻ ግፊቱ ስንት ይሁን? የሥራ ግፊት በ1.5፣ ማለትም 11.7 ባር ልጻፍ?

ጥቁር_ብረት፦

በሥራ ግፊት አይባዛም። በኢኤን 805 (የአውሮፓ የውሃ መስመር ደረጃ) መሠረት ሰርጁ ከተሰላ የፍተሻ ግፊቱ ሰርጅን የጨመረው ከፍተኛ የዲዛይን ግፊት ሲደመር 1 ባር ነው፤ 11.5 + 1 = 12.5 ባር። ሰርጁ ካልተሰላ ደግሞ በ1.5 የተባዛው ወይም 5 ባር የተደመረበት፣ ከሁለቱ ያነሰው ይወሰዳል። የትራንዚየንት ስሌቱ ሌላ ቁጥር ከሰጠ 12.5ም ይለወጣል።

ጌጁ (የግፊት መለኪያው) የሚቀመጥበት ቦታ በሰነዱ ላይ ይጻፍ። 12.5 ባር የሚነበበው ታች፣ ፓምፑ ጋ ነው። አንድ ሰው ላይ፣ ጋኑ ጋ ሆኖ 12.5 ቢያነብ ታች 6.7 ባር ተጨምሮ 19.2 ባር ይሆናል፤ ፒኤን 16 ፍላንጆቹን አልፏል። ኤስዲአር 17 የሆነው ክፍልም መስመሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ ከተፈተሸ መነሻው ላይ 10 ባር ያያል፤ ለአጭር ጊዜ ይችለዋል፣ ግን ቱቦው ከሞቀ በጠዋት ይፈተሽ።

ጫፎቹን በተዘጋ ቫልቭ አይያዙ። ቫልቭ ፋብሪካ ውስጥ አካሉ በ1.5 እጥፍ ሲፈተሽ መቀመጫው በ1.1 እጥፍ ብቻ ነው። ብላይንድ ፍላንጅ (መካከሉ ድፍን የሆነ መዝጊያ) ይግባ፤ ከኋላውም ግፊቱን የሚመክት ድጋፍ ይኑረው፤ በ12.5 ባር ዲኤን 200 ጫፍ ላይ የሚገፋው ኃይል ከ3 ቶን ይበልጣል።

ውሃው ሲሞላ አየሩ በሙሉ መውጣቱን ያረጋግጡ። ጌጁ ሲወርድ «ያፈሳል» ብሎ ከመቆፈር በፊት ፒኢ በግፊት ስር በራሱ እንደሚሰፋ ያስቡ፤ ሳያፈስ ግፊቱ ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ተሞልቶ ያለ ግፊት ያርፋል፣ ከዚያ ግፊት ይሰጠውና እንዲሰፋ ይተዋል፣ ቀጥሎ የተለካ ውሃ በፍጥነት ይለቀቅለታል። ከዚያ በኋላ ጌጁ ለ30 ደቂቃ ከቆመ ወይም ትንሽ ከወጣ መስመሩ ደህና ነው፤ ከወረደ ያፈሳል። የተለቀቀው ውሃ ከተሰላው በላይ ከሆነ አየር አልወጣም ማለት ነው፤ ከመጀመሪያው ይጀመራል። በአየር ኮምፕረሰር እንፈትሽ የሚል ከመጣ ደግሞ ከቦታው ይራቅ፤ በዚህ ግፊት የታመቀ አየር አንድ መገጣጠሚያ ሲለቅ ቱቦውን ያስፈነጥረዋል።